እንቁላሉ ነው ወይስ ብቅሉ? የአንድ ኬሚስትሪ አስተማሪ አወዳደቅ

ጎንደር ላይ ወጣቶች በሚቀመጡበት ካፌ የተከታታይ ፊልም ወሬ ከተነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ዋልተር ዋይት ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ ኋላ ነው የተበላሸው?» ፒያሳም ሆነ ማራኪ፣ ክርክሩ ያው ነው። አንዱ «ሰውየውን ችግር ነው እንዲህ ያደረገው» ይላል። ሌላው «ኧረ ባክህ! ውስጡ የነበረውን ነው ያወጣው» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ሚስቱ ላይ ይፈርዳል። ሂሳብ ተከፍሎ ሲወጣ ነገሩ ገና አላለቀም።

የሚያወሩት ስለ «ብሬኪንግ ባድ» ነው። ተከታታዩ ካለቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በፍላሽ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክ ቁርጥራጭ ግን እስከ ዛሬ ይዞራል። በየጊዜው አዲስ ተመልካች ያገኛል። ክርክሩም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ጥያቄው የፊልም ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላሳሰበ። ሰው አግቶ ገንዘብ የመጠየቅ ወንጀል ባለፉት ዓመታት ጎንደርንና አካባቢዋን ክፉኛ አስጨንቋል። እንዲህ ባለ ነገር ተጠርጥሮ የሚያዝ ሰው ሲኖር ሰፈሩ መጀመሪያ የሚለው «እሱ? ያ ጭምት ልጅ?» ነው። ከዚያ ሁለተኛው ይከተላል። ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ ኋላ ነው የተበላሸው? ካፌ ውስጥ የሚነሳውና ለቅሶ ቤት የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ስለዚህ ረጋ ብሎ ማየት ይገባዋል።

ፊልሙን ያልጨረሰ ሰው ይወቀው፤ ከዚህ በታች መጨረሻው ይነገራል።

## ታሪኩ ባጭሩ

ዋልተር ዋይት በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ታሪኩ ሲጀምር 50 ዓመት ይሞላዋል። ደመወዙ ስለማይበቃው ከክፍል በኋላ መኪና እጥበት ይሠራል። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ጎማ ሲያጥብ ባለመኪናው የገዛ ተማሪው ሆኖ ያገኘዋል። ልጁ ያፌዝበታል። ለኢትዮጵያዊ አስተማሪ ይህን ትዕይንት ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በቀዶ ሕክምና የማይወጣ የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ይነገረዋል። ሚስቱ ስካይለር እርጉዝ ናት። ወንድ ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ዋልተር ለቤተሰቡ የሚተወው ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ጄሲ ፒንክማን ከሚባል የቀድሞ ተማሪው ጋር ሜት ማብሰል ይጀምራል። ሜት በኬሚካል የሚሠራ፣ ሱሱ ከባድ የሆነ አነቃቂ ዕፅ ነው። የሚስቱ እህት ባል ሃንክ ደግሞ የፌደራል ዕፅ ተቆጣጣሪ መኮንን ነው። አስተማሪው በዕፅ ገበያው ውስጥ ሃይዘንበርግ የሚል ስም ያወጣል። የታዋቂው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ስም ነው። የተከታታዩ ርዕስ በአሜሪካ ደቡብ አካባቢ ንግግር ከመስመር መውጣት፣ ወደ ክፋት መዞር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ክፍል የታየው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2008 ነው። በእኛ ጥር 11 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት። ጎንደር ነጭ ለብሳ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ በቆመችበት ቀን፣ እዚያ ማዶ አንድ አስተማሪ በውስጥ ሱሪ በረሃ መሃል ሽጉጥ ይዞ ታየ። የመጨረሻው ክፍል የወጣው መስከረም 19 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው፤ መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቀን። በመካከሉ 5 ሲዝንና 62 ክፍሎች አሉ።

ፈጣሪው ቪንስ ጊሊጋን ዓላማውን በተለያየ ጊዜ አስረድቷል። በቴሌቪዥን ተከታታይ ላይ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዓመታትን ያው ሆነው ይዘልቃሉ። ደጉ ደግ፣ ክፉው ክፉ ሆኖ ይቆያል። እሱ የፈለገው ደግ አስተማሪን ወስዶ ቀስ እያለ ወንበዴ ማድረግ ነው። ተመልካቹም አብሮት እንዲወርድ። እንዲህ ያለው ዋና ገጸ ባሕርይ አንቲሂሮ ይባላል። ታሪኩን የምንከተለው ከእሱ ጋር ነው፤ የጀግና ጠባይ ግን የለውም።

## ሁለት ተረቶች

የካፌው ክርክር በአማርኛ አዲስ አይደለም። በሁለት የቆዩ አባባሎች መካከል የሚደረግ ክርክር ነው።

አንደኛው የእንቁላሉ ነው። ልጅ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ ያመጣል። እናት ዝም ትላለች። ቀጥሎ ዶሮ ያመጣል። ቀጥሎ በግ። በመጨረሻ በሬ ሲሰርቅ ይያዛል። ሊቀጣ ሲወሰድ ወደ እናቱ ዞሮ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ፣ በበሬው ባልተቀጣሁ» ይላታል። በዚህ አስተያየት ክፉ ሰው ሆኖ የሚወለድ የለም። ሰው ወደ ክፋት የሚደርሰው በደረጃ ነው፤ ከእያንዳንዱ ደረጃ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት አጭር ነው።

ሁለተኛው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለው ነው። መጠጡ አዲስ ነገር አይፈጥርም። የተደበቀውን ወደ ምላስ ያመጣል እንጂ። በዚህ አስተያየት ካንሰሩ፣ ገንዘቡ፣ ሥልጣኑ ሁሉ ብቅል ናቸው። ሃይዘንበርግ የሚባለው ሰው ድሮም ዋልተር ሆድ ውስጥ ነበረ።

ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ሀገር ናት። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት መንገዶች የሚጠሩት ከእሷ ጋር ነው። በዚያ ትምህርት መምህሩ አንድ ቃል ፈትቶ ሲጨርስ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ይጨምራል። የፊተኛውን አይሰርዘውም። ሁለቱ ፍቾች ጎን ለጎን ቆመው ቃሉን ያሰፉታል። ስለ ዋልተርም እንዲህ ማሰብ ይሻላል። ሁለቱን ተረቶች ግን አንድ በአንድ በታሪኩ መፈተን ያስፈልጋል።

## የእንቁላሉ መንገድ

መጀመሪያው ሲዝን ላይ አንድ ትዕይንት አለ። ዋልተርና ጄሲ ሊገድላቸው የሞከረ አንድ የዕፅ ነጋዴ ይዘው ምድር ቤት ውስጥ አስረውታል። አንገቱ በብስክሌት መቆለፊያ ከምሰሶ ጋር ተቆልፏል። ዋልተር ወረቀት ያወጣና መሃሉን ያሰምራል። በአንድ ወገን ሰውየውን የመልቀቅ ምክንያቶችን ይጽፋል። መግደል ኃጢአት ነው። ነፍሰ ገዳይ አይደለህም። ሌላም ሌላም። በሌላው ወገን ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከለቀቅከው ቤተሰብህን በሙሉ ይገድላል።

ዋልተር መግደል አልፈለገም። ሳንድዊች ሠርቶ ይወርድለታል። በመንገድ ሳል ይጥለዋል፤ ሳህኑም ይሰበራል። ሲነቃ ቢራ ይዘው ያወራሉ። የሰውየው አባት የዕቃ መደብር እንዳለው፣ ዋልተርም ልጁ ሲወለድ አልጋ የገዛው ከዚያ እንደሆነ ይተዋወቃሉ። ዋልተር ሊፈታው ይወስናል፤ ቁልፍ ሊያመጣ ይወጣል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። የሳህኑን ስባሪ ከቆሻሻ መጣያው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይገጣጥማል። አንዱ ቁራጭ የለም። እንደ ቢላ ሹል የሆነው። እስረኛው ደብቆታል ማለት ነው። ዋልተር ተመልሶ ይወርድና ሰውየውን በዚያው መቆለፊያ አንቆ ይገድለዋል። ይቅርታ እያለ፣ እያለቀሰ።

ይህ የመጀመሪያው እንቁላል ነው። ራስን መከላከል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ አካባቢ ጄን የምትባለው የጄሲ ፍቅረኛ ዕፅ ወስዳ ተኝታ ሳለ ትውከት ያንቃታል። ዋልተር አጠገቧ ቆሟል። ለመርዳት እጁን ይዘረጋና ያቆማል። እሷ ምስጢሩን ስለምታውቅ ታስፈራራው ነበር። ቆሞ ስትሞት ያያል። እንባው ይወርዳል። እዚህ ላይ ራስን መከላከል የሚለው ክርክር አይሠራም። እጁን አልሰነዘረም፤ እጁን ሰበሰበ።

የልጅቷ አባት የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪ ነበር። በሐዘን ደንዝዞ ሥራ ላይ ሳለ ሁለት አውሮፕላኖች ከተማው ላይ ይጋጫሉ። 167 ሰው ያልቃል። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን ሰብስቦ ሲያጽናና ዋልተር ማይክ ይይዝና አደጋው በታሪክ ከደረሱት አንጻር 50ኛ ላይ እንደሆነ ያስረዳል። ከዚህ የባሱ እንደነበሩ በምሳሌ ያስረዳል። ተማሪዎቹ በዝምታ ያዩታል።

አምስተኛው ሲዝን ላይ ደግሞ ከእነሱ ጋር የሚሠራ አንድ ወጣት አንድ ታዳጊ ልጅ ይገድላል። ጄሲ ይሰበራል። ዋልተር እሱም እንቅልፍ እንዳጣ ይነግረዋል። ጄሲ ዞር ሲል ዋልተር ሥራውን እየሠራ ሲያፏጭ ይሰማል።

ልቅሶ፣ ከዚያ እንባ፣ ከዚያ ንግግር፣ ከዚያ ፉጨት። መንገዱ ይሄ ነው።

የሥነ ልቦና ጥናት ይህን መንገድ ያውቀዋል። ስታንሊ ሚልግራም የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 በዬል ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ ጀመረ። ተሳታፊዎች ሌላ ሰው ሲሳሳት በኤሌክትሪክ እንዲነዝሩት ይታዘዛሉ። ንዝረቱ የውሸት ነው፤ እነሱ ግን እውነት ይመስላቸዋል። ማሽኑ ከ15 ቮልት ይጀምርና በ15 በ15 እየጨመረ 450 ይደርሳል። በታወቀው ሙከራ ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው ሄዱ። በኋላ የሙከራው አካሄድ ብዙ ትችት ቀርቦበታል። የመሰላሉ ነገር ግን ልብ ይባል። 15 ቮልት የነካ ሰው 30ን እምቢ ለማለት ምክንያት ያጣል። ልዩነቱ ትንሽ ነውና። በአንድ ጊዜ 450 ቢባል ኖሮ ብዙው እጁን ይሰበስብ ነበር።

አልበርት ባንዱራ የተባለው ሊቅ ደግሞ ሰው ሕሊናውን እንዴት እንደሚያስተኛ አጥንቷል። ነገሩን ሞራል ዲስኢንጌጅመንት ብሎታል፤ ሕሊናን ከሥራው ማላቀቅ እንደ ማለት ነው። ሰውየው ሕሊናውን አይጥለውም። ለጊዜው ይፈታዋል። ዘዴዎቹ የታወቁ ናቸው። ለድርጊቱ ጥሩ ዓላማ መስጠት፣ በለስላሳ ቃል መጥራት፣ ከባሰ ነገር ጋር ማወዳደር፣ ጥፋቱን በተጎጂው ማላከክ። የአውሮፕላኑን አደጋ 50ኛ ነው ማለት ማወዳደር ነው።

ለስላሳ ቃል ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጉቦ «የሻይ» ይባላል። ሕገወጥ ድለላ «አየር በአየር» ይሆናል። ኩረጃ መረዳዳት ይባል ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለውጤቱ መውረድ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ለዓመታት «መረዳዳት» ስንል የቆየነው ግን ምን እንደነበር ያን ቀን ታየ።

## ብቅሉና ጥንስሱ

እንቁላሉ ብዙ ነገር ያስረዳል። አንድ ነገር ግን አያስረዳም። አምስተኛው ክፍል ላይ፣ ገና መጀመሪያው ላይ፣ ዋልተር ከመንገዱ የሚወጣበት በር ተከፍቶለት ነበር።

ዋልተር በወጣትነቱ ኤሊዮት ከሚባል ጓደኛው ጋር ግሬይ ማተር የሚባል ድርጅት መሥርቶ ነበር። ድርሻውን በ5,000 ዶላር ሸጦ ወጣ። ድርጅቱ በኋላ እጅግ ገነነ። ኤሊዮት የዋልተር ወዳጅ የነበረችውን ግሬቸንን አገባ። ጓደኛቸው መታመሙን ሲሰሙ ኤሊዮት ሥራ ይሰጠዋል፤ ለሕክምናው ሁሉ እንደሚከፍልም ይነግረዋል። ዋልተር እምቢ ይላል። በክፍሉ መጨረሻ ወደ ጄሲ ይመለሳል።

ችግር ነው ያበላሸው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። ችግሩ መፍትሔ አግኝቶ ነበር። ያልተዋጠለት መፍትሔው የመጣበት እጅ ነው።

ቁጥሮቹም ይህንኑ ይናገራሉ። ሁለተኛው ሲዝን ሲጀምር ዋልተር በቃሉ ያሰላል። የልጆቹ ትምህርት፣ የቤት ዕዳ፣ ቀለብ፣ የዋጋ ንረት። ድምሩ 737,000 ዶላር ይወጣል። ያን አግኝቶ ሊያቆም ነው። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል 80 ሚሊዮን ያህል ዶላር በበርሜል ቀብሯል። በመካከሉ ጄሲ ለምን እንደማያቆሙ ሲጠይቀው የ5,000ውን ዶላር ታሪክ ያወጣለታል። ድርጅቱ አሁን 2.16 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ያውቃል። በየሳምንቱ ያየዋልና።

በየሳምንቱ። ይህች ቃል ለእኔ የተከታታዩ ሁሉ ቁልፍ ናት። ሰውየው ለዓመታት ዝምተኛ አስተማሪ ነበር። ተማሪ ሲያፌዝበት ዝም፣ አሠሪው ሲያመናጭቀው ዝም። ቤቱ ሲገባ ግን በየሳምንቱ የሌሎችን ሀብት ይቆጥራል። የተደበቀው ነፍሰ ገዳይነት አልነበረም። ቂም ነበር። ቂሙን ደግሞ ማንም አላየም፤ ምክንያቱም ሰውየው ጨዋ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የእኛን ልማድ መመርመር ይገባል። «ጨዋ ነው» ስንል ብዙ ጊዜ የምንለካው ዝምታን ነው። አንገቱን የደፋ፣ ቀና ብሎ የማይመልስ፣ ይሉኝታ ያለው። ይሉኝታ ሰዎች ምን ይሉኛል ብሎ መታቀብ ነው። ጥሩ አጥር ነው፤ ብዙ ጥፋት ያስቀራል። ከውስጥ ያለው አትክልት ይሁን አሜኬላ ግን አይናገርም። ዋልተር ራሱ ይህን ለሃንክ ይነግረዋል። ዕድሜውን በሙሉ ሲፈራ እንደኖረ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየባነነ ነገን ሲያስብ እንደሚያነጋ፣ ከታመመ ወዲህ ግን ደህና እንደሚተኛ። ካንሰሩ ድህነትን አላመጣበትም፤ ድሮም ነበረ። ያመጣው ለውጥ ፍርሃቱን መውሰዱ ነው። ፍርሃቱ ክዳን ነበር።

ጠላ የምትጠምቅ እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ብቅል ብቻውን አያሰክርም። ጌሾው ይጠነሰሳል። ይሰነብታል። ድፍድፉ ተከድኖ ይቀመጣል። ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣው ሽታ የዚያን ቀን የተፈጠረ አይደለም፤ ግን የዛሬ ሳምንት ማድጋው ውስጥ ጠላ አልነበረም። ሁለቱ ተረቶች የሚገናኙት እዚህ ነው። ቂሙ ጥንስስ ነው፤ ቀኖቹ አፈሉት። እያንዳንዷ ትንሽ ጥፋት ባትጨመር ኖሮ ዋልተር ቂመኛ አስተማሪ ሆኖ ይሞት ነበር። ቂሙ ባይኖር ደግሞ የመጀመሪያው በር ሲከፈትለት ይወጣ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ጄሲ ዋልተርን ሲጠራው «ሚስተር ዋይት» ነው የሚለው። አብረው ዕፅ ሲያበስሉ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲደባደቡ እንኳ። ወደ አማርኛ ቢመለስ «ቲቸር» ነው። እኛም አገር ሰው ሽማግሌ ሆኖ የድሮ አስተማሪውን መንገድ ላይ ሲያገኝ በስሙ አይጠራውም። በቤተ ክህነቱ ወገን ደግሞ «የኔታ» አለ። ይህ ቃል ክብር አለው፤ ክብሩም ኃይል አለው። ዋልተር ልጁን የሚያዘው በዚያ ኃይል ነው። የሚያሞግሰው፣ የሚያሳፍረው፣ የሚዋሸው እንደ አስተማሪ ነው። መምህርነቱን ትቶ ወንበዴ አልሆነም። መምህርነቱን ይዞ ገባ።

## ከፊልም የቆየ ጥያቄ

ጎንደሬ ይህን ክርክር ከቴሌቪዥን በፊት ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ የሀገር ተስፋ ነበሩ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተዘረፉ። አንዳንድ ጸሐፊዎች መዞሪያው የእቴጌ ተዋበች ሞት ነው ይላሉ። በ1850 ዓ.ም. ሞቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ወዳጃቸው ጆን ቤልም ተገደለ። የሚገሥጻቸውና የሚያረጋጋቸው ሰው አጡ። ሌሎች ቁጣው ከመጀመሪያው ነበረ ይላሉ። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ ያቆሰለው ልብ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዐመፅ የከበበው ንጉሥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም ይላሉ።

ንጉሡን ከዕፅ አብሳይ ጋር ማወዳደር አይገባም። ሥራቸውም፣ ዓላማቸውም፣ ሞታቸውም ሌላ ነው። የጥያቄው ቅርፅ ግን ይመሳሰላል። ክርክሩም ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ አልተዘጋም።

## ሚስትየዋ ለምን ተጠላች?

ሦስተኛው የካፌ ተከራካሪ ሚስቱ ላይ ይፈርዳል። «ስካይለር ናት ያስመረረችው።» ይህ የጎንደር ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ተመልካቹ ጠልቷታል። ጥላቻው ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ ተዋናይቷን አና ጋንን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ስለዚሁ ጽሑፍ እስከማውጣት አደረሳት።

ስካይለር መጀመሪያ ላይ ምን አደረገች? ጠየቀች። የት አመሸህ? ሁለተኛ ስልክ አለህ ወይ? ለምን ትዋሻለህ? ባሏ በጠና የታመመ እርጉዝ ሴት እነዚህን ብትጠይቅ ጎረቤት ሁሉ እውነቷን ነው ይላል። ተመልካቹ ግን ይናደድባታል። ምክንያቱ ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። ምስጢሩን ከዋልተር ጋር ያወቅነው እኛ ነን። ከእሱ ጋር ተደብቀናል። ስለዚህ የምትጠይቅ ሁሉ እኛንም የምታጋልጥ ይመስለናል። አለማወቋን እንደ ጥፋት እንቆጥርባታለን።

ስካይለርም ንጹሕ ሆና አትቀርም። በኋላ ባሏ ይሠራበት የነበረውን መኪና እጥበት ገዝተው የዕፁን ገንዘብ የሥራ ገቢ አስመስላ ትመዘግባለች። እሷም የራሷ እንቁላል አላት። የባልን ጥፋት ለሚስት ማሸከም ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ጥፋትን በተጎጂው ማላከክ ከባንዱራ ዘዴዎች አንዱ ነው ብለን ነበር። ዋልተር ያደርገዋል። ተመልካቹም ሳያውቀው አብሮት ያደርገዋል።

## ልጆችን ያበላሻል ወይ?

ወላጆች የሚፈሩት ሌላ ነው። ይህን አይቶ ያደገ ልጅ ምን ይሆናል? ፍርሃቱን በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። ባርኔጣውና ጥቁር መነጽሩ ቲሸርት ላይ ታትሞ ሲለበስ የሚከበረው አስተማሪው አይደለም፤ ሃይዘንበርግ ነው።

በሌላ በኩል ፊልሙ የዕፅ አሠራር ትምህርት አይሰጥም። ሠሪዎቹ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር አማክረዋል፤ አሠራሩን ግን ማንም ሊከተለው በማይችል መንገድ ቆራርጠው ነው ያቀረቡት። ዋጋውንም አይደብቅም። ሃንክ ይሞታል። ጄሲ በሰንሰለት ታስሮ ባሪያ ይሆናል። ልጁ አባቱን በስልክ «ለምን አትሞትም» ይለዋል። ሙሉውን ላየ ሰው ማስታወቂያ አይደለም።

ዛሬ ግን ስንቱ ሙሉውን ያያል? አደጋው ያለው እዚህ ይመስለኛል። ቲክቶክ ላይ የሚዞረው 40 ሰከንድ ነው። ዋልተር ሚስቱ ፊት የሚፈራው እሱ ሳይሆን የሚያስፈራው እሱ እንደሆነ ሲፎክር ይታያል። ሙዚቃ ይገባበታል። ይቆረጣል። ይህን የተናገረው ሞትን የፈራ ሰው ሆኖ፣ ከሚበልጠው አለቃ ሥር እያለ መሆኑ አይታይም። ሚስቱ ከዚያ ንግግር በኋላ ልጇን ይዛ ከቤት እንደወጣች አይታይም። ቁርጥራጩ ፉከራውን ይዞ ዋጋውን ይጥላል።

አራተኛው ሲዝን ላይ ያቆመ ሰውም እንዲሁ ነው። ጠላት ተሸንፏል፤ ዋልተር ለሚስቱ ደውሎ ማሸነፉን ይነግራታል። ከዚያ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጓሮው ይሄድና አንድ የአበባ ማሰሮ ላይ ይቆማል። የአበባው ስም ተጽፎበታል። የጄሲ ሴት ጓደኛ ልጅ፣ ትንሹ ብሮክ፣ የተመረዘው በዚያ አበባ ነበር። ዋልተር ጄሲን ወደ ራሱ ለመመለስ ሕፃን መርዟል ማለት ነው። ያቺ የመጨረሻ ምስል ካለፈችው፣ ያየው ፊልም የጀግና ፊልም ነው። ከልጃቸው ጋር የሚያዩ ወላጆች ቢኖሩ እዚያች ማሰሮ ላይ አቁመው ቢጠይቁት ከመከልከል የበለጠ ይሠራል።

## «ለቤተሰቤ ብዬ»

ዋልተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አካባቢ አንድ ምክንያት ይደጋግማል። ለቤተሰቤ ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህን ምክንያት የሚከራከረው የለም። «ለልጆቼ ብዬ» ያለ ሰው ግማሽ ተፈርዶለታል። ለልጅ ብሎ የማይደረግ ምን አለ? ቃሉ ለዚህ ነው ኃይለኛ የሆነው። ዓላማው እውነተኛና ቅዱስ ስለሆነ ማንም ገልጦ አያየውም።

ገልጣ ያየችው ስካይለር ናት። መጨረሻው ክፍል ላይ ዋልተር ተደብቆ ሊሰናበታት ይመጣል። ያደረግኩትን ሁሉ ብሎ ሲጀምር ታቋርጠዋለች። ለቤተሰብ ነው የምትለውን አንድ ጊዜ ከሰማሁ ትለዋለች። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ነገር ይናገራል። ለራሴ ነበር። ወደድኩት። ጎበዝ ነበርኩበት። ሕያው ነበርኩ። ንስሐ ነው ማለት ይከብዳል። ኑዛዜ ግን ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ወደ አንድ ሌላ ቤት ሄዶ ነበር። የቀረው ገንዘብ 9,720,000 ዶላር ነው። ቤተሰቡ ከእሱ አይቀበሉትም፤ መንግሥትም ይወርሰዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ተሸክሞ ኤሊዮትና ግሬቸን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይቆልለዋል። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ከራሳቸው እንደሆነ አድርገው እንዲሰጡት አስፈራርቶ ያስገድዳቸዋል። አምስተኛው ክፍል ላይ ከእነሱ አልቀበልም ያለው እርዳታ፣ 62ኛው ክፍል ላይ በእነሱ ስም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እሱ ራሱ ወደ ቤቱ አልሄደም። ቆስሎ የገባው ዕፁ የሚበስልበት ክፍል ነው። አንዱን የብረት ታንክ በእጁ ዳበሰው። ብረቱ ላይ የራሱን ፊት አየ። ሲወድቅ መዳፉ ያረፈበት ቦታ ላይ የደም አሻራ ቀረ።